ድስት፣ ከበሮ፣ ሣጥን

ሰዎች ስለ ሥልጣን ሲያወሩ ዘውድ ይላሉ፣ ዙፋን ይላሉ፣ ምርጫ ይላሉ፣ ጠመንጃ ይላሉ። ድስት የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔ በኖርኩበት ሰፈር ሁሉ ትልቁን ድስት የያዘ ሰው የሰፈሩ አለቃ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። ማንም አልመረጠው፣ ማንም አልቀባው፤ ግን ልጅ የሚድር ሰው ወደ እሱ ይሄዳል፣ ወላጅ የሞተበትም ወደ እሱ ይሄዳል፤ ሲሄድም አንገቱን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ለአንድ ባለሥልጣን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? የሚቀረው ማኅተም ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የድስቱ ጥቀርሻ ይተካዋል።

እኔ ዘውዴ እባላለሁ። ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ነው የምኖረው። የምሠራውም እዚያው ሰፈር ባርነሃገ፣ ያው መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሕፃናት አልብሼ ወደ በረዶው አስወጣለሁ፣ አስገብቼ አወልቃለሁ፣ አሁንም አለብሳለሁ። ከዚህ በታች ስለ ጥንታዊት ቻይና ሳወራ ምን አገባት የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ አያገባኝም ነበር። ያገባኝ በሞት በኩል ነው።

ዕድራችንን የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚህን ከተማ አውቶቡስ የነዱ፣ መንገደኛ ሲያመሰግናቸው በመስታወት አንገታቸውን ነቅነቅ የሚያደርጉ ጨዋ ሰው። ሁለተኛው አቦይ ተኽለ፣ የአሥመራ ልጅ፣ በትግርኛ የሚጸልዩ፣ በአማርኛ የሚቀልዱ። እነዚህ ሁለቱ በኦስሎ ብርድ አብረው ያረጁ ወንድማማቾች ነበሩ። አልናብሩ አጠገብ የነበረ የሠራተኞች መመገቢያ ሲዘጋ ሰው የሚውጡ የሚመስሉ ትልልቅ ድስቶቹን ገዝተው፣ በአቦይ ተኽለ መኪና ጭነው፣ ጋሽ ተሰማ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ ሸለር ውስጥ አስቀመጧቸው። ሸለር የምንለው እዚህ አገር ሰው ስኪውንና ትዝታውን የሚቆልፍበትን ምድር ቤት ነው። ቤቱ የጋሽ ተሰማ ስለሆነ ቁልፉም ጋሽ ተሰማ ኪስ ገባ። ያን ዕለት ማንም ምንም አላሰበም። ቁልፍ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ኪስ ውስጥ ስትሰነብት ግን ባለኪሱን ታሳድገዋለች።

ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ ላይ ድስት የፈለገ ሰው በር ሲያንኳኳ «ና ግባ፣ እኔው ላውርድልህ» ነበር የሚሉት። ቆይቶ «ለመሆኑ ለስንት ሰው ነው?» መጣ። ቆይቶ «ባለፈው ጊዜ ሳያጥብ የመለሰው ማን ነበር?» መጣ። በመጨረሻ «እስቲ ላስብበት» ላይ ደረስን። ልብ በሉ፤ ሰው ሞቷል፣ እሳቸው ያስቡበታል።

አንድ እሑድ በስብሰባ መሀል አቦይ ተኽለ ተነሥተው ድስቶቹ በጋራ አዳራሽ ይቀመጡ፣ ቁልፉም በየተራ ይያዝ ብለው አሳብ አቀረቡ። ጋሽ ተሰማ ፊታቸው ጠቆረና አላመናችሁኝም ማለት ነው አሉ። አቦይ ተኽለ ደግሞ የጠየቅነው ድስት ነው እንጂ እምነት አይደለም ብለው መለሱ። ቀልድ ነበር። ግን ቀልድ የሚያስቀው ሰሚው ቁልፍ ያልያዘ እንደሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ ቃል ቃልን እየጎተተ፣ አቦይ ተኽለ ግማሹን ሰው ይዘው ወጡና ሁለተኛ ዕድር መሠረቱ፤ ድስትም ገዙ፤ ከጋሽ ተሰማ ድስቶች የሚበልጡ ድስቶች። የእነ ጋሽ ተሰማ ወገን ይህን ሲሰማ ከዚያ የሚበልጥ አመጣ። ሕዝቡ ያው ነው፣ ለቅሶውም ያው ነው፣ ድስቱ ግን በየዓመቱ ወፈረ።

ከሩቅ የሚያየን ሰው የአገር ጉዳይ አድርጎ ያወራል፤ ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው ተለያየ ይላል። ውሸት ነው። በሁለቱም ወገን ሁለቱም አሉ። እኛ የተለያየነው በድስት ነው።

ለየትኛውም ያልወገኑት ወይዘሮ ለተብርሃን ብቻ ነበሩ። ብቸኛ አሮጊት ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፤ ግን የሰፈሩን ልጅ ግማሹን አሳድገዋል። የጋሽ ተሰማን አንዲት ልጅ፣ ልያን፣ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት እሳቸው ናቸው ከትምህርት ቤት እየተቀበሉ ያበሏት፤ ልያም «አደይ»፣ እናቴ፣ ነበር የምትላቸው። ዕድሩ ሲከፈል ወይዘሮ ለተብርሃን ማንንም ላለማስቀየም ከሁለቱም ጋር ቀጠሉ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይል የለም የአገሬ ሰው? ሁለቱንም ተከሉ።

በየካቲት ብርድ ሞቱ። ጋሽ ተሰማ ሲነገራቸው የእነ ተኽለ አባል ናት፣ ድስት ካነሳቸው ይጠይቁን አሉ። አቦይ ተኽለ የእነ ተሰማ ናት፣ ከጠሩን እንሄዳለን አሉ። ጠያቂም ጠሪም ጠፋ። ሁለቱም ባላ ተሰበረ። ወይዘሮ ለተብርሃንን ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀበራቸው።

መቃብሩ ዘንድ የነበርነው ቄሱ፣ ከቀብር አስፈጻሚው የመጡ ሰዎች፣ እኔ፣ ልያ፣ እና ውሻዋን ይዛ የመጣች አንዲት ኖርዌጃዊት ጎረቤታቸው ነን። ውሻው ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ከብዙ ሰው የተሻለ ለቅሶ ደራሽ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኛም አልጎደለንም፤ የጎደለን ሰው ነበር። ከቀብር መልስ ንፍሮ የሚያቀርብልን አልነበረምና ቲ-ባነው፣ የምድር ባቡሩ፣ ጣቢያ አጠገብ ካለች ኪዮስክ ፐልሰ፣ ያው ቋሊማ በዳቦ፣ ገዝተን ቆመን በላን። በዕድሜዬ ከበላሁት ሁሉ የከበደኝ ምግብ እሱ ነው።

እዚያ ቆመን ነው ልያ ስለ ትምህርቷ የነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ማስተሯን እየሠራች ነው፤ አርኪዮሎጂ። አባቷ ኢንጂነር ትሆንልኛለች ብለው ሲጠብቁ እሷ መሀል ላይ ትታ ወደ ቁፋሮ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተሰማ ልጅዎ ምን ታጠናለች ሲባሉ «ዩኒቨርሲቲ ናት» ብለው ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ ያዞሩታል።

«እትዬ ዘውዴ፣ እኔ የማነበው ሁሉ መቃብር ነው» አለችኝ። «ከቻይና ደቡብ፣ የድሮ ትንንሽ ሕዝቦች። ማን ምን ይዞ ተቀበረ? ማን የነሐስ ዕቃ ተደረገለት፣ ማን አልተደረገለትም? ከዚያ ተነሥተን ነው ኑሯቸው እንዴት እንደነበረ የምናውቀው።» ቀጥላም «አደይ ዛሬ ምን ይዛ ተቀበረች?» አለች።

ቋሊማዬን አኘክሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልያ የአባቷን ቤት መርገጥ ተወች። ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ስለምትኖር ለመራቅ ሰበብ አላጣችም። ጋሽ ተሰማም አልደወሉም። ሁለቱም አንድ ሸክላ ናቸው፤ ሲሰነጠቁ ድምፅ አያሰሙም።

የተጣላን ሰው ለማስታረቅ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሲኳረፉስ ማን ይላካል? እኔ ራሴን ላክሁ። አሳቤ ትንሽ ነበር፤ አባትና ልጅን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ። ልያን ለምኜ ስለ ጥናቷ በሰፈሩ አዳራሽ እንድትናገር አስማማኋትና ለሁለቱም ዕድር አባላት በስልክ መልእክት ላክሁ። መልእክቴም ይህ ነበር፦ «እሑድ ከቀትር በኋላ በአዳራሹ፤ ልያ ተሰማ ከቻይና ነሐስዋ ጋር። ሁላችሁም ኑ።»

ቁጠባ ደግ ነው፤ በቃላት ላይ ግን አደጋ አለው። ልያ ያለፈውን በጋ ቻይና ሄዳ ሙዚየም ለሙዚየም ስትዞር መክረሟን ሁሉም ያውቃል። ለእኛ ሰው ደግሞ ነሐስ ሲባል አእምሮው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ። እሑድ ሳይደርስ የጋሽ ተሰማ ልጅ ቻይና ላይ ሮጣ ሦስተኛ መውጣቷ በሰፈሩ ተወራ። ልያን የሚያውቅ ሰው እንዴት ይህን ያምናል? ልጅቷ ሹፌሩ እያያት እንኳ አውቶቡስ የሚያመልጣት ናት። የለም፣ በሩጫ ሳይሆን በበረዶ ሸርተቴ ነው ያለም ነበር፤ እዚህ ተወልዳ የለ?

እኔ ይህን ያወቅሁት አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ሰው ስቀበል ነው። አበባ የያዘ ይመጣል። ኬክ የተሸከመ ይመጣል። አንድ አዛውንት እጄን ጨብጠው ነሐስም ቢሆን ሜዳሊያ ነው፣ ልጅቷን አታስከፏት ብለው መከሩኝ። ከዚያ ዓይኔን ባላምን፣ አቦይ ተኽለ ከነወገናቸው ገቡ። ድስት ያራራቀው ሕዝብ በሜዳሊያ ተሰበሰበ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጽጌረዳ አበባ እንደ ሕፃን ታቅፈው። ሄደው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን ተናግሬ ማን ሊቀር ነው? ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ልያ ብዛታችንን አይታ ደነገጠች። የመጀመሪያውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራች፤ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ በሦስት እግር የቆመ የነሐስ ዕቃ። ከኋላዬ አንዱ «ዋንጫውም አለ ማለት ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ሁለተኛውን አበራች፤ ሌላ ባለሦስት እግር። ሦስተኛው ደወል። ጉምጉምታ ተነሣ። አንዲት ሴት ቆም ብላ «ልጄ፣ ለመሆኑ በምንድን ነው የተወዳደርሽው?» አለቻት።

ልያ ግራ ገብቷት «ውድድር? ናይ፣ ናይ፣ ውድድር የለም። ማስተሬ ነው» አለች፤ ናይ የኖርዌጆቹ «አይደለም» ነው። ከዚያ አበባውን አየች፣ ኬኩን አየች፣ አባቷን አየች። ገባት። ፊቷ ቀላ።

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ሩጫ አይደለም?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ድስት ነው።»

የሚነሡ መስሎኝ ነበር። «ድስት ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ አበባቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «ይሰማል።»

ልያ ቀጠለች። ቃል ሲያጥራት በኖርዌጂኛ እየሞላች ሄደችበት። ነሐስ ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም አለች። መዳብ የሚቆፍር አለ፤ ቆርቆሮውን፣ የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን፣ ከሩቅ የሚያመጣ አለ፤ ከሰል የሚያከስል አለ፤ የጭቃ ቅርጹን የሚያበጅ አለ፤ እነዚህን ሁሉ የሚቀልብም አለ። ስለዚህ ከአፈር ውስጥ አንድ የነሐስ ድስት ሲወጣ አብረው የሠሩ ብዙ እጆች አብረው ይወጣሉ። በሰሜን፣ በቢጫው ወንዝ ዳር የነበሩት ነገሥታት ለሞቱ አያቶቻቸው ምግብ የሚያቀርቡት በእንዲህ ያለ ዕቃ ነበር፤ ሰውም ድስት የሚደረድረው በማዕረጉ ልክ ነው፤ ለላይኛው ብዙ፣ ለታችኛው ጥቂት፣ ለተራው ሸክላ።

እኔ የማጠናው ግን እነሱን አይደለም አለች፤ ከእነሱ ርቀው፣ በተራራና በሐይቅ መሀል ይኖሩ የነበሩትን ነው። የመሀል አገር ጸሐፊዎች አረመኔ ይሏቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ነሐስ መሥራትን ሲለምዱ እንዳዩት አልገለበጡም፤ አንዱ ከማዕከሉ የሚበልጥ ትልቅ ደወል አቀለጠና ተራራ ላይ ቀበረው፣ ሌላው ሌላ ነገር ሠራ። ሩቅ ያለ ሰው ትልቅ መሥራት ይወዳል፤ ትንሽ ከሠራ ማን ያየዋል? ይህን ስትል ሁለት ሦስት ሰዎች ዞር ብለው አቦይ ተኽለን ሰረቅ አድርገው አዩ። ሌሎች ደግሞ ጋሽ ተሰማን።

«አሁን የምወደውን ላሳያችሁ» አለችና አንድ ከበሮ አበራች። ከላይ እስከ ታች ነሐስ ነው። በደቡብ ምዕራብ ካሉት ጥንታውያን ከበሮዎች አንዳንዶቹ ጥቀርሻ አላቸው አለች። ከበሮ ጥቀርሻ ምን ይሠራለታል? ብዙ ተመራማሪዎች የሚያስቡት መጀመሪያ ድስት ነበር ብለው ነው። ሰው አብስሎበት፣ አብልቶበት፣ ሲበቃው ገልብጦ መታው፤ ድምፁ አማረው፤ ከዚያ ከበሮ ብሎ ይሠራው ጀመር። ለበዓል ይመታል፣ ለቀብር ይመታል፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ከዚያ ብዙ ትውልድ አለፈ። እዚያ አገር የባሕር ዛጎል እንደ ሀብት ይከበር ነበር። አለቆቹ ከበሮውን ወሰዱና ሥሩን ደፈኑት፣ ፊቱን ከፍተው ክዳን አበጁለት፣ ውስጡን ዛጎል ሞሉት። ሣጥን ሆነ። ባለቤቱ ሲሞትም አብሮት ተቀበረ።

ክዳኑን አቅርባ አሳየችን። ጣት የማያህሉ የነሐስ ሰዎች ተሠርተውበታል፤ ተሸካሚው፣ ሸማኔዋ፣ የሚሠዋው በሬ። በመሀል አንዱ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉም እሱ ብቻ በወርቅ ተለብጧል።

«መጽሐፎቻችን ይህን ማኅበራዊ ዕድገት ይሉታል» አለች ልያ። «ድስት፣ ከበሮ፣ ሣጥን። ሥራው በእርግጥ እየረቀቀ ነው የሄደው። ዕድገት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማን ዕድገት እላለሁ።»

ኬክ የምትቆርሰዋ ሴት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ያን ጊዜ አቦይ ተኽለ ከኋላ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ሣጥን ካደረጉት በኋላ ሕዝቡን በምን ጠሩት?»

ልያ አሰበች። «አላውቅም አቦይ» አለች። «ከአፈር የሚወጣው ዕቃው ነው። ጥሪው አይወጣም።»

የመጨረሻው ፎቶ የመቃብር ቦታ ነበር፤ ከላይ የተነሣ። መሀል ላይ ሰፊ ጉድጓድ፣ ከበሮው፣ ሣጥኑ፣ ሰይፉ። ዳር ዳር ላይ ጠባብ ጠባብ ጉድጓዶች። አንዷን በጣቷ አሳየች። «ይቺ አሮጊት ናት» አለች። «ከጥርሷ ነው የሚታወቀው። አጠገቧ ሸክላ እንኳ የለም። ስሟ የለም። ማን እንደቀበራት...» እዚያ ላይ አማርኛውም ኖርዌጂኛውም አለቀባት። የግድግዳውን ፎቶ ሳታጠፋ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ማንም ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገም።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ወደ ልጃቸው የሚሄዱ መስሎን ነበር፤ ዞረው ወደ ኋላ፣ ወደ አቦይ ተኽለ ተመለከቱ። ከተኳረፉ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ተኽለ» አሉ፣ «ለተብርሃን ያረፈች ዕለት ድስት ፍለጋ ሰው ትልክብኛለህ ብዬ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነበርሁ።»

አቦይ ተኽለ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ተሰማ ሓወይ» አሉ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ደግሞ ካፖርቴን ለብሼ ነበር። ትጠራኛለህ ብዬ። ሲመሽ አወለቅሁት።»

አንዱ በመስኮት፣ ሌላው በካፖርት፣ ሁለት ዕድር ሙሉ ሰው እየተጠባበቀ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ሄደች። ጋሽ ተሰማ እንደ ቆሙ አቦይ ተኽለ ወንበሮቹን እየገፉ መጥተው ክንዳቸውን ያዟቸው። ከዚያ ሴቶቹ አለቀስን። በየካቲት ሊለቀስ የሚገባው ለቅሶ በዚያ አዳራሽ ከኬክ ጋር ተለቀሰ።

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ጋሽ ተሰማ ልያ ዘንድ ሄዱ። አበባውን ሰጧት። «ለሦስተኛነትሽ ነበር የገዛሁት» አሏት። ልያ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«ያ ከበሮ» አሉ፣ «ጥቀርሻው አሁንም አለበት?»

«ያ አባዬ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። «ሥሩን ገልብጠህ ብታየው፣ አሁንም አለ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። አሳዪኝ አሏት። መብራት ጠፍቶ አዳራሹ እስኪቆለፍ ድረስ አባትና ልጅ ግድግዳው ላይ ድስት ሲያዩ ቆዩ።

በረዶው ሲቀልጥ የወይዘሮ ለተብርሃን ተዝካር በሕንፃዎቹ መሀል ባለው ሜዳ ተደገሰ። የሁለቱም ዕድር ድስቶች ጎን ለጎን ተጣዱ፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ደግሞ ያ ሁሉ ፉክክር ቢበዛ የአንድ ጭልፋ ልዩነት ነበር። ኖርዌጃዊቷ ጎረቤታቸውም መጥታ ንፍሮ በላች፤ ስንዴና ሽንብራ ብቻውን ተቀቅሎ እንዴት ሐዘን እንደሚያስረሳ ጠየቀችኝ፤ አያስረሳም፣ አፍ ያስይዛል እንጂ አልኋት። ጋሽ ተሰማና አቦይ ተኽለ ከልያ ጋር መቃብሩ ዘንድ ሄደው መጡ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ሁሉን መጠየቅ ደግ አይደለም።

ዕድሮቹ እንደ ገና አንድ ሆኑ። ድስቶቹም አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው ተባለ። ግን ማን ዘንድ? ከጋሽ ተሰማ ዘንድ ይሁን ሲባል የአቦይ ተኽለ ወገን አንገቱን ነቀነቀ፤ ከአቦይ ተኽለ ዘንድ ሲባል ያኛው ወገን አሳለ። እርቅ ማለት መተማመን ነው ያለው ማን ነው? በመጨረሻ ከማንም ያልወገነች፣ የተማረች፣ ይልቁንም ድስት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ሰው ተገኘች። ልያ በአንድ ድምፅ ተመረጠች። ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ እሷም ወደ ማዮርስቱን ከመመለሷ በፊት ዕቃ ቤት ተከራይታ ድስቶቹን አስገባች፤ ቁልፉንም ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በሥርዓት እየሄደ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ድስቶቹ ንጹሕ ናቸው። እያንዳንዳቸው ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ባለፈው ሳምንት እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ በድንገት አረፉና፣ ነፍስ ይማር፣ ትልቁን ድስት ፈልጌ ለልያ ደወልሁላት። በትሕትና አነጋገረችኝ፤ አዘነች፣ አጽናናችኝ። ከዚያ ድስት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱንና የሰዉን ብዛት ጠቅሶ በኢሜይል መጠየቅ እንዳለበት፣ ጥያቄውም ከሳምንት በፊት መድረስ እንዳለበት አስረዳችኝ፤ አንዴ ለአንዱ ሕጉ ከላላ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል አለች። እስቲ ላስብበትና እደውልልሻለሁም አለች።

«ይሁን ልያዬ» አልኋት። «ሟቹ ሳምንት አስቀድመው ማመልከት እንዳለባቸው አልሰሙም ነበር።»